የቤት እንስሳ በሰው ቤት

በአማርኛ «የቤት እንስሳ» ሰፊ ስያሜ ነው። ላሟም፣ አህያውም፣ ዶሮዋም፣ ለፋሲካ ተገዝቶ ሁለት ሌሊት ብቻ የሚያድረው በግም በእኩል ማዕረግ ይገቡበታል፤ ውሻና ድመትም ከእነሱ ጋር ተጋፍተው ይኖራሉ። ስያሜው እንስሳውን ከዱር አውሬ ይለየዋል እንጂ ይታረድ አይታረድ፣ አልጋ ላይ ይተኛ በረት ውስጥ፣ ግድ የለውም። ቤቱ የማን እንደሆነም አይናገርም። አያቱ በሠሩት ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ጉድለት አይታየውም። ቤቱ ሲከራይ ግን አንዱ ቃል ሁለት ባለቤት ያወጣል፦ አከራይ ቤቱ የእኔ ነው ይላል፤ ተከራይም ኪራይ እስከከፈልኩበት ቀን ድረስ የእኔ ነው ይላል፤ እንስሳው ደግሞ ወጥ በሸተተበት በር ይገባል።

የአዲስ አበባ ሙግት በደንብ የሚታየው ሁለቱ ወገኖች አንድ የግቢ በር በሚጋሩበት ቦታ ነው። ፊት ለፊት ትልቁ ቤት አለ። ከኋላው በመደዳ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ መካከል ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ጥግ ላይ ሮቶ፣ ከሮቶው አጠገብ የጋራ ሽንት ቤት። ወደዚህ ግቢ የሚገባ ተከራይ አስቀድሞ ጥያቄ ይመልሳል። ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? እንግዳ ይበዛባችኋል? እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምትጋግሩት? ስለ እንስሳ የሚጠይቅ አከራይ ጥቂት ነው፤ ቤት የሌለው ሰው ውሻ ይኖረዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ውሻ የአጥር ጓደኛ ነው። አጥር የሌለው ሰው ውሻ እየጎተተ ሲመጣ አከራዩን የሚያሳስበው ጩኸቱ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሰው ራሱን የሚያስጠብቀው ከማን ነው የሚለውም ነገር አለ። ደላላው በበኩሉ ያልተጠየቀውን አይናገርም። «ባልና ሚስት ናቸው፣ ልጅ የላቸውም፣ ድምፃቸው አይሰማም» ይላል፤ ሁሉም እውነት ነው። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ በመጣ ዕለት ግን አንዱ ካርቶን ያለቅሳል።

ይህ ሙግት አንድ ጊዜ ከከተማው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የግል አከራይ የሚባለው ሰው በሕግ ቀረ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ቀበሌ በብዙ ነገር ላይ አቋም ነበረው፤ በድመት ላይ ግን አልነበረውም። በቀበሌ ቤት የተወለደ ውሻ የልጅ ልጅ እስኪያይ ድረስ የጠየቀው የለም። ደባል ሆኖ የገባ ሰው ብቻ ያኔም ቢሆን ከዋናው ተከራይ ድመት ጋር በማዕረግ አይተካከልም ነበር።

የግል አከራይ ሲመለስ ውሻውን ይዞ ተመለሰ። ስለዚህ ጉዳይ የሌላ አገር ጽሑፍ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ግራ መጋባቱ አይቀርም። በሌላው አገር እንስሳ የሚያመጣው ተከራይ ነው፣ የሚከለክለውም አከራይ። በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንስሳው የአከራዩ ነው፤ ይግባ አይግባ የሚባለው ተከራዩ ራሱ ነው፤ ፈቃድ ሰጪውም ውሻው ነው።

ውሻው ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። የሚፈታው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ የተከራዩ መግቢያም ሦስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። «እትዬ፣ ነገ ሰርግ አለብኝ፣ አመሻለሁ» ሲባሉ አከራይዋ «ምን ቸገረኝ ልጄ፣ በሩ ክፍት ነው፤ የውሻውን ነገር ግን እንጃ» ይላሉ። በመልሳቸው ውስጥ አንድም ክልከላ የለም። ተከራዩ ግን ሙሽሮቹ ኬክ ሳይቆርሱ ታክሲ ይዟል። ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ከክፍሉ በር እስከ ሮቶው ያለው መንገድ ረጅም ነው። ልምድ ያለው ተከራይ ስለዚህ ክፍሉን ከማየቱ በፊት ውሻውን ያያል፤ ከገባም በኋላ የመጀመሪያው ወር የአጥንት ወጪ እንዳለበት ያውቃል። ውሻ የሌለው ሰው ሥጋ ቤት ጎራ ብሎ «ለውሻ የሚሆን አጥንት» ሲለምን ከታየ የሰርቪስ ተከራይ ነው።

ይህ ዘዴ ሲሠራ ከልክ በላይ ይሠራል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ በሁለተኛው ወር ውሻው መኝታውን ከትልቁ ቤት በረንዳ ወደ ሰርቪሱ ደጃፍ ያዛውራል፤ ለተከራዩ ጅራቱን ይቆላል፣ ከክፍለ ሀገር ለመጡት የአከራይዋ ወንድም ግን ጥርሱን ያሳያል። «ውሻዬን አባበሉብኝ» የሚለው ክስ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። ኪራይ ከሚጨመርባቸው ምክንያቶች መካከል ይህኛው ጮክ ተብሎ አይነገርም።

ውሻው የነከሰ እንደሆነ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ይቀራል። የከተማው ሰው «ፓስተር» ብሎ የለመደው ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ የተነከሰ ሰው ግን «ፓስተር ሂድ» መባሉ አልቀረም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል፤ በዚህ የተነሳ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ለክትባት መሮጥ ያስፈልጋል። የነከሰው ውሻ ደግሞ ለ10 ቀን ይጠበቃል። በእነዚያ ቀናት ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። በአከራይና በተከራይ የግንኙነት ታሪክ ውስጥ እንደነዚህ 10 ቀናት ያለ ጊዜ የለም። ተከራዩ በየማለዳው ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ውሻው ቤት እያነከሰ ይሄዳል። «እንዴት አደረ? በላ? ውሃ ጠጣ?» ይላል። ትናንት ሲረግመው ለነበረው ውሻ ዛሬ ዕድሜ ይለምንለታል። አከራይዋ በዚህ ልጅ ደግነት ተገርመው ለጎረቤት ያወራሉ፤ በ11ኛው ቀን ሰላምታው ለምን እንደቆመ ግን አይገባቸውም።

ተከራይ የራሱን ውሻ ይዞ የገባበት ግቢ ሲገኝ ጠቡ ወደ ስም ይዞራል። በውሻ ስም አሽሙር መናገር የቆየ ልማድ ነው፤ ጌታው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን ውሻውን ሲጠራ ይለዋል። «መቻል» የተባለ ውሻ በየምሽቱ ከሰርቪስ በር ላይ ጮክ ተብሎ ሲጠራ፣ በትልቁ ቤት ያሉት ሰው ማን ማንን እንደቻለ ማሰላሰላቸው አይቀርም። ኪራይ በተጨመረ ሰሞን ጥሪው ይበዛል። «መቻል! ኧረ መቻል!» ይባላል። ውሻው ግን እዚያው ከጠሪው እግር ሥር ተኝቷል።

ድመት የምትገባው በሌላ መንገድ ነው። ውሻ ከደጅ እንዲቀር የሚሹ ሃይማኖተኛ አከራይ፣ ክርስቲያንም ይሁኑ ሙስሊም፣ ድመት ምንጣፍ ላይ ብትተኛ ብዙም አይከፋቸውም። ለዚህ ትዕግሥት ምክንያት የሆነው ፍጡር ኮርኒሱ ውስጥ ይኖራል። በማዳበሪያ በተወጠረ ኮርኒስ ላይ ሌሊት ሲሮጥ የሚያድር አይጥ የትልቁ ቤትና የሰርቪሱ ድንበር የት እንደሆነ አያውቅም። ተከራይዋ ያመጣቻት ውሮ በመጀመሪያው ሳምንት «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ትባላለች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አይጥ አንጠልጥላ በበረንዳው ስታልፍ ጥያቄው ይቆማል። በወሩ «ውሮዬ» ተብላ ምሳዋን ትልቁ ቤት ትበላለች። በዚህን ጊዜ ጠቡ ይገለበጣል። ቀድሞ ድመቷ ትውጣ የሚል ነበር፤ አሁን ድመቷ የማን ናት የሚል ነው። ተከራይዋ ወተት የምገዛላት እኔ ነኝ ትላለች። አከራይዋ አይጡ የእኔ ነው ይላሉ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳምና ማድ ቤት ከተሰቀለው ቋንጣ ሁለት ዘለላ የጎደለ ቀን ግን ድመቷ ያለ ምንም ክርክር የተከራይዋ ትሆናለች።

ድመት የምታረግዘው ለሁለት ወር ያህል ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ይህን ያሰቡት አይመስልም እንጂ፣ በገባች ሰሞን ከጎረቤት ወንድ ድመት ጋር የተዋወቀች ውሮ ቅድሚያ ክፍያው ባለቀበት ሳምንት ትወልዳለች። «ሁለት ነን» ብሎ የተዋዋለ ቤተሰብ ሰባት ሆኖ ያድራል። ድመት ለመውለድ የምትመርጠው ጨለማና ለስላሳ ቦታ ነው፤ በትልቁ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ለጥምቀት ታጥቦ የተቀመጠው ነጠላ ሁለቱንም ያሟላል።

የበዓል እንስሳ ጊዜያዊ ነዋሪ በመሆኑ አከራዮች ይራሩለታል። አውራ ዶሮው ሐሙስ ተገዝቶ እስከ ቅዳሜ ድረስ የሻወር ቧንቧ ላይ ታስሮ ይቆያል፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሲጮህ የአከራዩ ዶሮ ከማድ ቤት ስለሚመልስለት ማንም ማንንም ሊከስ አይችልም። በግ ይከብዳል፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። አከራዩ እዚያ አይኖርም፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እየተጎተተ የወጣውን በግ የሚሰማው ከጎረቤት በስልክ ነው። በጉ በረንዳ ላይ ያድራል፣ ከብረቱ መካከል አንገቱን አውጥቶ ከተማውን ይመለከታል፣ ሦስተኛ ፎቅ በተሰጣው አንሶላ ላይ ደግሞ የበግ ነገር ይረግፋል። ሳይቶቹ ሲነደፉ ከብሎኮቹ መካከል ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የጋራ ቤት ተሠርቶ ነበር። ያ ቤት ለሌላ ሥራ በተከራየበት ሳይት እርዱ ወደ መታጠቢያ ቤት ይገባል፤ ከበዓሉ በኋላ የሚጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ሒሳቡን ለአከራዩ ያቅርብ ለተከራዩ የሚለው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ያከራክራል።

ነገሩ ሕግ ዘንድ ከደረሰ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መልስ አለው። ቁጥር 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም። ወረድ ብሎ ግን አንድ መውጫ በር ይከፍታል፦ ጥፋት የሌለበት ባለቤት የቤት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከዕዳው ነፃ ሊወጣ ይችላል። በዚህ መሠረት ነጠላው ለተበላሸባቸው አከራይ ድመቷን ከነልጆቿ አስረክቦ መገላገል ይቻላል ማለት ነው። ችግሩ አከራይዋ ቀድሞውንም ድመቷ የእኔ ናት ማለታቸው ነው። የእሳቸው ከሆነች ጉዳቱም የራሳቸው ነው፤ የተከራይዋ ከሆነች ምሳዋን ትልቁ ቤት ምን አስበላት? እስከ ዛሬ ይህን ጉዳይ ፍርድ ቤት የወሰደ አለመሰማቱ ለዳኞች ዕድል ነው። የሕጉ አርቃቂ ረኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበር፤ አገሩ ፈረንሳይ ከዚህ ሕግ አሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ተከራይ በቤቱ እንስሳ እንዳያሳድር የሚከለክል የውል ቃል ዋጋ የለውም ብላ ደነገገች፤ እንስሳው ቤት ካላበላሸና ጎረቤት ካላወከ። በአዲስ አበባ ያን ያህል ርቆ የሄደ ውል ጸሐፊ አይገኝም። የ2016ቱ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ስለሚል ግን አንድ ነገር ተለውጧል፦ «ቡችላ ናት፣ ምን ታደርጋለች» ተብሎ የተፈቀደላት ውሻ ውሉ ሳያልቅ ታድጋለች።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ይህን ሁሉ በሌላ መልኩ ያገኘዋል። እዚያ የአፓርታማ አከራዮች ለውሻና ለድመት በየወሩ ለብቻው ኪራይ ያስከፍላሉ፤ ሐኪም ለሕመምተኛው ያስፈልገዋል ያለው ረዳት እንስሳ ግን በፌዴራሉ የቤት ሕግ እንደ ቤት እንስሳ ስለማይቆጠር ያን ክፍያ አይከፍልም። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የሄዱ እናት ድመት ኪራይ ትከፍላለች ሲባሉ መጀመሪያ አያምኑም። ካመኑ በኋላ የሚጠይቁት ስንት እንደሆነ ነው፤ ሰርቪስ ያከራያሉና።

ውሉ ሲያበቃ ርክክብ ይደረጋል። ቁልፉ ይቆጠራል፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ይተሳሰባል፣ የበሩ ጭረት በጥፍር ነው በሶፋ እግር የሚለው ይመረመራል። ውሮ ወደመጣችበት ካርቶን ትገባለች፤ ካርቶኑ እንደገና ያለቅሳል። አዲሱ ሰፈር ሩቅ ካልሆነ በሦስተኛው ቀን ማለዳ አጥሩ ላይ ተመልሳ ትገኛለች። አከራይዋ «ቤቷ ናፍቋት ነው» ብለው ወተት ያቀርባሉ። በዚያው ዕለት ደላላው ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል። ሰውዬው ክፍሉን ያያል፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠይቃል፣ ውሻው የት እንደሚታሰር ይጠይቃል፣ ቀብድ ይከፍላል። አልጋው ሥር ስለምታድረው ድመት ስላልጠየቀ ደላላው አልነገረውም።