የአንድ ትልም ክብር

በባሌ፣ በሲናና ሜዳ ስንዴው ሲደርስ የሁለት ጎረቤታሞችን ማሳ የሚለየው ትልም ከዓይን ስለሚሰወርና ኮምባይነሩም ሁለቱን ሳይለይ ስለሚያጭድ፣ ያንን ትልም ከመረሳት ያዳኑት በክስ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። ለክስ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያሟላው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ሒሳብ አለመሥራት ነው፤ የተገፋው መሬት ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ፣ ቀጠሮው ስንት እንደሚበላ ያሰላ ሰው ከሮቤ እስከ ጎባ ካሉት የችሎት ደጆች አንዱንም ሳይረግጥ ይቀራል።

በእርግጥ ሕጉ ራሱ መሰናክል አስቀምጧል። የኦሮሚያ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130/1999 የመሬት ክርክር በቅድሚያ ለቀበሌ ቀርቦ ተከራካሪዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ አዝዞ ነበር። የሽማግሌዎቹ ጉድለት ግልጽ ነው፤ የድንበሩ ድንጋይ የት እንደነበረ ስለሚያውቁ ለክርክር የሚተርፍ ነገር አያስቀሩም። ስለዚህ አስተዋይ ከሳሽ አክብሮ ያዳምጣቸዋል፣ ቡናቸውን ይጠጣል፣ ከዚያም በማግስቱ አቤቱታ ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል።

በዚያ የሚያገኘው ክስ «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል፤ ይህም በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የተነካበት ሰው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያቀርበው ነው። ይህ ክስ የሚጠይቀው መሬቱ በማን እጅ ነበር የሚለውን እንጂ መብቱ የማን ነው የሚለውን ባለመሆኑ፣ የተረታው ወገን ነገ የመብት ክስ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ የባሌ ደጋ «ገና» እና «ቦና» በሚባሉት ወቅቶች በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚያመርት ሁሉ አንዱ ትልምም ሁለት ክስ ያፈራል፣ ያውም ዝናብ ሳይጠብቅ።

ተከሳሹም ባዶ እጁን አይመጣም። የ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚለውን፣ ማለትም ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ክሱ እንዲዘጋ የሚቀርበውን መከራከሪያ ሰጥቶታል፤ ክሱ በይርጋ ታግዷል፣ ጉዳዩ አስቀድሞ ተፈርዶበታል ወይም በእርቅ አልቋል ሊል ይችላል። ሽምግልናን የናቀው ወገን ሽምግልናን ጋሻ አድርጎ ሲያነሣ ማየት ራሱ የመጓጓዣውን ዋጋ ያካክሳል።

ጥንት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ዛሬ ቋጠሮው ቀርቶ፣ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለይግባኝ የሚሄዱት ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ሚኒባስ ትከሻ ለትከሻ ተጣብበው፣ አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው መስኮት እያየ ይጓዛሉ። ከዚያ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ፤ ከእርሱም በላይ አዲስ አበባ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት አለ። ሰበር የሚመረምረው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ስለሆነ ድንጋዩ የት ነበር የሚለውን አይጠይቅም፤ ነገር ግን ሰው ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ለድንጋዩ እንዳልሆነ ከወረዳው ጀምሮ ግልጽ ነበር።

የረታ ሰው ኪሳራ መጠየቁ አይቀርም፤ ሆኖም ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ በቀጠሮ ቀን ያልታረሰው ማሳና ምስክሮች የበሉት ምሳ በዝርዝሩ ለመግባት ይቸገራሉ። ትልሙን ሸጦ ዕዳ መክፈልም አይቻልም፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏልና። እግድ ከወጣ ደግሞ፣ ማለትም እስከ ፍርዱ ድረስ ማንም እንዳይነካው ከታዘዘ፣ ትልሙ ሣር ያበቅላል፤ የሦስተኛ ጎረቤት ፈረስ ያለ ምንም መጥሪያ ይግጠዋል።

በመጨረሻ አፈጻጸም ይመጣል፤ ይህም ፍርዱ ከወረቀት ወደ መሬት የሚወርድበት ሂደት ነው። ድንበሩ በቦታው ተለክቶ እንዲመለስ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ትእዛዙም ለቀበሌው ይደርሳል። ቀበሌውም ድንጋዩ የት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ከየቤታቸው ያስጠራል።