«ማን ነበር ስምህ?»፦ በደጀን ላይ ያተኮረ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ የሚሄድ አውቶቡስ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ የሚደርሰው ደጀን ነው። በቆላው ሙቀት የደነዘዘ መንገደኛ ለምሳ ወርዶ ገና እግሩን ሳያፍታታ፣ አንድ ሰው ከማዶ ፊቱ በርቶ «ኧረ እባክህ! አንተ ነህ?» እያለ ይመጣል። ይህ ጥናት የሚመረምረው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነው። መንገደኛው ሰውየውን ያውቀዋል፤ ይወደዋልም። ስሙ ግን የለም።

የመጀመሪያው ግኝት የሰላምታችንን መርዘም ይመለከታል። ብዙዎች ጨዋነት ነው ይላሉ፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ፋታ መስጠቱ ነው። «ደህና ከረምክ? ክረምቱ እንዴት አለፈ? ሰብሉስ? ከብቱስ?» እየተባባሉ ትከሻ ለትከሻ ሲገጫጩ፣ አእምሮ በጓሮ በር ገብቶ ስሙን ይፈልጋል። በዚህ መሀል የሚያሰጋው «ባለቤትህስ?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ያግባ፣ ይፍታ፣ ይመንኩስ አይታወቅም። ልምድ ያለው ሰው «ቤተሰብ ሰላም ነው?» ብሎ ያልፋል።

ፍለጋው ካልተሳካ ተተኪው ሞልቷል፤ ለታላቅ «አያ» ወይም «ጋሼ»፣ ለእኩያ «ወንድም ዓለም»። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ተገኝቷል፦ ቁልምጫው በተደራረበ ቁጥር ስሙ የመታወሱ ተስፋ ይመነምናል። «የኔ ጌታ፣ የኔ ዓለም፣ ወንድሜ» በአንድ ትንፋሽ የተባለ ሰው ስሙ ዓባይ እንደገባ ይወቀው።

በእንግሊዝኛ «ቤከር» የሰው ስምም ነው፤ ዳቦ ጋጋሪም ማለት ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ የማያውቁትን ሰው ፊት አይተው «ሥራው ዳቦ ጋጋሪ ነው» የተባሉ ሰዎች፣ «ስሙ ቤከር ነው» ከተባሉት ይልቅ ቃሉን በቀላሉ ያስታውሳሉ። የደጀን ነዋሪ ይህን ለማወቅ መጽሔት አላስፈለገውም። ስልኩን ቢከፍቱት «ወፍጮ»፣ «ጤፍ»፣ «ጤፍ 2»፣ «ጤፍ የማርቆሱ» ይላል።

በርግጥ የጎጃም ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ሊረሳ አይገባም ነበር። ችግሩ ሐሳቡ ይቀርና ቃሉ ይሄዳል። ይበልጣልን «ይሻላል!» ብሎ የጠራ ሰው አለ። ይበልጣልም «አቤት» ብሎ ዞረ። (ስለ ደግነት ማጥናት የሚፈልግ ባለሙያ ከዚህች «አቤት» ቢጀምር አይከፋውም።)

ለመርሳታችን ታሪክም ተጠያቂ ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ጠና ናቸው። ከተማቸው መንቆረርም በታቦቱ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ንጉሡና ከተማው ስም በሚቀይሩበት አገር ተራው ሰው በአንድ ስም ሊወሰን አይችልም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል፤ ይህን ስም ከወላጅና ከነፍስ አባት በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሙሽራ ስትሆን ደግሞ አማቷ ሌላ ስም ሊያወጡላት ይችላሉ።

የክርስትናው ስም ጉድ የሚፈላው በቀብር ዕለት ነው። ድንኳኑን የተከለ፣ ንፍሮውን የቀቀለች፣ ቃሬዛውን የተሸከመ፣ ከሌሊት ጀምሮ «ወንድሜን!» እያለ ደረቱን የመታ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ካህኑ ለፍትሐቱ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ይላሉ። ዝም። ዕድርተኛው እርስ በርሱ ይተያያል። አንዱ «ኃይለ… ኃይለ ምንድን ነበር?» ይላል። ልጅ ተልኮ አክስቲቱን ከድንኳን ይዞ ይመጣል፤ ለቅሶው ግን ስሙን ሳይጠብቅ ቀጥሏል።

ስም መጠየቂያ ዘዴዎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። «ማን ነበር ስምህ?» የሚለው በ«ነበር» ጥፋቱን ትናንት ላይ ይጥላል። «የአባትህን ስም ማለቴ ነው» ብሎ ማምለጥ የተነቃበት ነው። ሦስተኛ ሰው አቁሞ «ተዋወቁ እንጂ!» ማለት ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን እጅ ሲጨባበጡ ሁለቱም ስማቸውን በአንድ ጊዜ ስለሚያጉተመትሙ ማንም ማንንም አይሰማም።

የመጨረሻው ዘዴ አዲስ ነው። ሁለቱ ሰዎች «በሞቴ እኔ ነኝ የምከፍለው» እየተባባሉ በሒሳብ ሲታገሉ ቆይተው፣ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲጮኽ መንገደኛው ስልኩን አውጥቶ «ቁጥርህን አንተው መዝግብልኝ» ይላል። ወዳጁ በደስታ ይመዘግባል። መኪናው ሉማሜን ሲያልፍ ተከፍቶ ሲታይ፣ ከቁጥሩ አጠገብ «እኔው ነኝ» ይላል።