ፖለቲከኞችን ለኢንተርኔት ተጠቃሚ መራጭ ተጠያቂ ለማድረግ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር ……… (ሲስተም ሲመለስ ይሞላል)

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ዳታ ያለህ፣ ዳታ ላለቀበት ሆትስፖት ክፈት።

ኢንተርኔት ውኃም አየርም እንዳልሆነ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ አንደበት የሰማን በመሆኑ፣ ውኃውም ራሱ በፈረቃ ስለሚመጣ ነገሩ ብዙም ያላስደነገጠን በመሆኑ፤

“ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የተባለው ስትራቴጂ በጸደቀበት በዚያው በ2012 ዓ.ም.፣ ከሰኔ 23 ጀምሮ አገር ምድሩ ሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ኢንተርኔት የከረመ በመሆኑ፣ በዚያ ሰሞን ዋሽንግተንና ሪያድ ያለው ዘመድ የቤተሰቡን ደህንነት በኢሞና በቫይበር መጠየቅ አቅቶት ሲጨነቅ “ያስዘጋሁት እኔ ነኝ” ብሎ ስሙን የጻፈ ኃላፊ ያላየን በመሆኑ፤

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ተገድበው ሳለ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መግለጫቸውን እዚያው ፌስቡክ ላይ መለጠፋቸውን ያላቋረጡ፣ እኛም በቪፒኤን ገብተን በአክብሮት ያነበብን በመሆኑ፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት ኃላፊ ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ለማንሳት እንደሚችል ቢደነግግም፣ ማንሻው በየትኛው ገጽ፣ ከየትኛው ምልክት ሥር እንደሚገኝ እስከ ዛሬ ተፈልጎ የታጣ በመሆኑ፤

እኛ መራጮች የሚከተለውን አውጀናል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የኮሜንት አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ስክሪንሾት ተደርጎ ሊጠቀስም ይችላል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ “ፖለቲከኛ” ማለት ገጹን በራሱ ስም ከፍቶ በሌላ ሰው ጣት የሚጽፍ ተመራጭ ወይም ዕጩ ሲሆን ተፎካካሪ ፓርቲዎችንም ይጨምራል (ከዚህ በፊት “እኛን አይመለከትም” ብለው ስላመለጡን)። “መራጭ” ማለት ኮድ የሚጽፈው ብቻ አይደለም፤ በቴሌግራም ጫማ የምትሸጠዋ፣ አፑ ጥሪ እስኪያመጣለት መሪውን ተደግፎ የሚጠብቀው ሹፌር፣ ለውጭ ደንበኛ ሥራ ሊያስረክብ ሲል ኔትወርክ የሄደበት ልጅ ሁሉ መራጭ ናቸው።

3. ስለ ሃያ አራቱ ሰዓት
የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሱ ያዛል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭም ቅጣቱን ያከብዳል። ሒሳቡ ተስማምቶናል፤ ስለዚህ አንለውጠውም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ፖለቲከኛ በራሱ አፍ ስለገባው ቃል ሲጠየቅ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ይሰጣል። የተጣመሩ እጆች ምስል መልስ አይደለም። “በውስጥ መስመር ያናግሩን” መልስ አይደለም። ኮሜንት ዘግቶ “ከወጣቱ ጋር ተወያየን” ብሎ መለጠፍ በር ቆልፎ እንግዳ እንደመጥራት ይቆጠራል። ጠያቂውን ብሎክ ያደረገ ፖለቲከኛ በዚያ መራጭ ቀበሌ እንደተሸነፈ ይወሰዳል፤ ድጋሚ ቆጠራ አይፈቀድም።

4. ስለ ዕጩነት ፈተና
ማንኛውም ዕጩ “ዲጂታል” የሚለውን ቃል መድረክ ላይ ከማንሳቱ በፊት አንድ የመንግሥት አገልግሎት በስልኩ፣ በራሱ ጣት ጠይቆ መጨረስ አለበት። ጸሐፊው፣ የእህቱ ልጅና ያ “ኮምፒውተር የሚችል ልጅ” ከበር ውጭ ይቆያሉ።

ዕጩው ቅጹን ይከፍታል። የአያት ስም ይጠየቃል፤ በአማርኛ ሲጽፍ ሳጥኑ ቀይ ይሆናል፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ከመታወቂያው ጋር በአንድ ፊደል ይለያያል። ፎቶው ከተፈቀደው መጠን ይበልጣል። ያሳንሰዋል፤ አሁን ደግሞ ደብዝዟል ይባላል። የማረጋገጫ ኮድ ይላክልኝ ብሎ ይጫናል፤ ኮዱ የሚደርሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞ ሲጫን ሁለት ኮድ ተከታትሎ ይገባል። የቱ ነው ብሎ ወደ በሩ ሲዞር ታዛቢዎች “ወደ ስልክዎ!” ይሉታል። ላቡን ጠርጎ ይጨርሳል። ያን ጊዜ “ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ የማስረጃዎን ዋናና ኮፒ ይዘው በአካል ይቅረቡ” የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ዕጩው በዚህች ቅጽበት የተናገረው ተቀድቶ በቅስቀሳ ሰዓቱ ይተላለፋል። ስድቡ አይቆረጥም፤ ከጠቅላላው የቅስቀሳ ፕሮግራም ከልብ የወጣው እሱ ነውና።

5. ስለ ሕግ ማጽደቅ
በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ሲወጣ “ስካይፕ የደወለ ይታሰራል ወይ?” የሚል ጥያቄ ከየቤቱ ተነስቶ መንግሥት ማብራሪያ እስከመስጠት ደርሶ ነበር። ከእንግዲህ ማብራሪያው ይቀድማል። የምክር ቤት አባል እጁን ከማውጣቱ በፊት አንድ የኢንተርኔት ካፌ ባለቤት ፊት ቀርቦ አንቀጹን በራሱ ቃል ያስረዳል። ባለቤቱ ካልገባው የአባሉ ድምፅ አይቆጠርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያጸደቁ አባላትም በየወረዳቸው እየዞሩ “የፋይዳ መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ያደረገው ሱቅ ወረቀቱን የት ጣለው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ።

6. ስለ መዝጋት
ኢንተርኔት እንዲዘጋ ያዘዘ ኃላፊ ሙሉ ስሙን፣ ምክንያቱን፣ ቦታውንና የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድሞ በግልጽ ይለጥፋል። መጀመሪያ የሚዘጋው የእሱ ስልክና የቢሮው ዋይፋይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ስለ ሐሳብ ነፃነት የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ “የቴክኒክ ችግር” የሚለው ምክንያት ቴክኒሻኑ ራሱ ማይክ ይዞ ካልተናገረው ተቀባይነት የለውም። ፈተና ይሰረቃል ተብሎ እንደ ሰኔ 2011 ዓ.ም. አገር ከተዘጋ፣ የዘጋው ኃላፊ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ፈተናውን ይወስዳል።

7. ቅጣት
እስር የለም፤ እኛ እንደ እናንተ አይደለንም። አዋጁን የተላለፈ ፖለቲከኛ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ፣ በቀን 100 ሜጋባይት ብቻ እየተሰጠው አንድ ወር ይሠራል። ስብሰባው በዙም፣ ሪፖርቱ በኢሜይል፣ ክፍያው በሞባይል ነው። ጉዳይ ካለው ማልዶ ወረፋ ይይዛል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ “ሲስተም የለም” ይባላል። ጥፋቱን የደገመ የሰፈሩ እድር የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ሆኖ ይሾማል፤ ይግባኝ የለውም።

8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
በጋዜጣ አይታተምም። በሁለት ዓምድ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ ከዚያ ተጣሞ ስካን ተደርጎ በስልክ የሚደርሰን ሕግ ዓይናችንን አጥፍቶታል። ይህ አዋጅ ለእያንዳንዱ ፖለቲከኛ በዋትስአፕ ይላካል፤ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ከሆኑበት ደቂቃ ጀምሮም በእሱ ላይ የጸና ይሆናል። ምልክቱ እንዳይታይ አድርጎ ስልኩን ያስተካከለ ፖለቲከኛ አንብቦ እንደተስማማ ይቆጠራል።