ሁለት ሳምንት የፈጀው ፊደል

የሰፈራችን ዳቦ ቤት ድረ ገጽ ሊከፍት ነው። ዋጋው፣ አድራሻው፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ገና አልተጻፈም። ፊደሉ መች ተመረጠና! ባለቤቱ ጋሼ ልጃቸውን ሲድሩ እንኳ እንዲህ አላመነቱም።

«ይኼ ቀጭኑ ዳቦዬን ያከሳብኛል» አሉ። ወፍራሙን አሳየኋቸው። «ይኼ ደግሞ ኩፍ ብሎ የፈሰሰ ሊጥ!» ሁለት ሳምንት ከተሟገትን በኋላ ኮሚክ ሳንስ አሸነፈ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ፈገግ ይላል» አሉኝ።

ይበል እንጂ፤ ግን ኮሚክ ሳንስ ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። «ሀ» ብትሉት አይሰማም። እንዲህ ሲሆን መሣሪያው ከራሱ ጓዳ ያገኘውን የግዕዝ ፎንት ያቀርባል፤ ዊንዶውስ ኢብሪማን ወይም ኒያላን፣ ማክ ኬፋን፣ አንድሮይድ ኖቶን። ጓዳው ባዶ ከሆነ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ የጋሼ ምርጫ የታየው ስልክ ቁጥራቸው ላይ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ይስቃሉ፣ አማርኛው ኮስተር ብሎ ያያቸዋል።

የወንድማቸው ልጅ መላ አመጣ፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የገለበጠውን የጥንት ግዕዝ ፎንት። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል መዝገብ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የልጁ ፎንት ግን ይህ ወሬ አልደረሰውም። የላቲን ፊደል ላይ የግዕዝ ካባ የደረበ ነው። ፎንቱ የሌለው ደንበኛ «ዳቦ» በሚለው ፋንታ የላቲን ፊደላት ትርምስ ያነባል። ጋሼ አይተው፣ «የፈረንጅ ዳቦ መሰለ፤ ዋጋ እንጨምርበት ይሆን?» አሉ።

ድረ ገጹ ተከፍቷል። የዳቦው ዋጋ ግን እስካሁን አልተጻፈም።