ላይኛው የቱ ነው?

ፍሬም ማሠራት ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ሥዕሉን ይዞ ታክሲ መሳፈር፣ ልኩን ማስለካት፣ ቀብድ ከፍሎ መመለስ፤ በቃ። እኔም እንዲያው ብዬ ነው ወደ ፒያሳ የወጣሁት። የቡድን ዐውደ ርእይ ደርሶብኛል፣ ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም፣ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን እንዳያስነኩት ስጠብቅ አንገቴ ሊቆለመም ምንም አልቀረው። ደግሞ እኮ ረዳቱ ለሥዕሉም የአንድ ሰው ሒሳብ ክፈዪ ብሎኝ ነበር። እሱ ይቆየን፤ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ፍሬም ሠሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሥዕሉን ተቀብለው ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉት፣ ወርድና ቁመቱን ለኩ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወረዱና «ማንጠልጠያውን የት ልምታልሽ? ላይኛው የቱ ነው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቡናችሁን አስቀምጡልኝ። ለሠዓሊ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። እኔ ግን ዝም አልኩ። ሥዕሉ ላይ ትላልቅ ዓይኖች አሉ፣ ክንፍ የሚመስል ነገር አለ፣ ጥቁር መደብ ላይ የሚንሳፈፉ ቀለማት አሉ። «በዚህ በኩል» አልኩና አዞርኩት። ደስ አላለኝም። «አይ፣ በዚህ» ብዬ መለስኩት። የሠርግ ፎቶውን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ጎልማሳ ጠጋ ብሎ አንገቱን ጠመም አድርጎ አየው። አንዲት ሴት ደግሞ «ዓይኖቹ ወደ ላይ ይሁኑ እንጂ!» አለች፤ ዓይኖቹ ግን በአራቱም ማዕዘን ናቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «የእስክንድርን ነው የገለበጥሽው?» አሉኝ። ስድብ አልነበረም። ለቅጂ የሚሆን ርካሽ ጣውላ ሊመርጡልኝ ነው።

ፊቴ ጋለ። ቅጂ አይደለም፤ መስመሩን ሁሉ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ላይና ታቹን ለምን እንዳላወቅሁት ግን እዚያው እንደቆምኩ ገባኝ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እነዚያን ዓይኖች ያመጣቸው ከብራና ክታብ ነው። ክታብ ማለት ደብተራው በባለቤቱ ቁመት ልክ አዘጋጅቶ፣ አስማቱን ጽፎ፣ ክፉ መንፈስ ላይ የሚያፈጥጥ ዓይን የሚስልበት ነው፤ በቁመቱ የተሠራለት ሰው የክታቡ ራስ የቱ፣ እግሩ የቱ እንደሆነ አይጠፋውም። እስክንድር በለንደንና በፓሪስ ተምሯል፣ ከእነ ፖል ክሌና ዊፍሬዶ ላም ሥራዎች ብዙ ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመልሶም አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ከሰው መውሰዱ አላጠፋውም። ብራናውን በገዛ ዓይኑ አይቶታል፤ እሱም በፍየል ቆዳ ላይ ሠርቷል። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታም በቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቅ ላይ ሲሥል ቀርከሃውን በእጁ ይዞ ነው። እኔ ዓይኖቹን የወሰድኩት ከእስክንድር ነው፤ ክታብ ተርትሬ አላውቅም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ጋሼ ሲሰለቻቸው በአራቱም ጎን ማንጠልጠያ መቱልኝና «ሲታይሽ ታዞሪዋለሽ» አሉኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ዐውደ ርእዩም አለፈ።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ቤት አዘወትራለሁ። ያደግሁት እሷ ስፌት ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። ሰንደዶውን መሐል አድርጋ በአክርማ ትጠመጥመዋለች፣ በወስፌ እየበሳች ታያይዘዋለች፤ ከመሐል ትጀምርና እየዞረች ወደ ዳር ትወጣለች። ቀዩ አለላ የት ገብቶ የት እንደሚቆም ወረቀት ላይ አትነድፍም፤ ትቆጥራለች እንጂ። አንድ ዙር ከረገበ ሰፌዱ ይንጋደዳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ወስፌው በልጅነቴ ጣቴን እየወጋ ነው ያስገባልኝ። ሥነ ጥበብ ስንማር «የራሳችሁን መንገድ ፈልጉ» በተባልን ቁጥር እኔ ወደ ቤተ መጻሕፍት ነበር የምሮጠው፤ ወደ አክስቴ ጓዳ መሄድ ትዝ ብሎኝም አያውቅ።

አሁን ሸራዬን ከመሐል እጀምራለሁ፣ እየዞርኩ እወጣለሁ። አስቸጋሪ ነው። አለላ ሣር ስለሆነ ከውስጡ ያብረቀርቃል፤ የዘይት ቀለሜ ቀይ ግን ደንዝዞ ይቀራል። ቀለሙን እያሳሳሁ ደራርቤ ስቀባው ትንሽ ይነቃል። ባለፈው አክስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ወንበር ስቤላት እንኳ አልተቀመጠችም። ብዙ አየችና በግራ በኩል ወዳለው ጥግ እየጠቆመች «ይሄ ዙር ረግቧል» አለች። እውነትም ብሩሼ የተቻኮለበት ቦታ ነው። «ፍቺውና ከዚያ ቀጥዪ» አለችኝ። ቀለም አይፈታም ብላት አልሰማ አለችኝ፤ ስንከራከር አመሸን።