ለአዲስ መርማሪ የተጻፈ ምክር፤ ሰውን ያለ ሕግ ስለ መያዝ

ሰውን በሕግ መያዝ እምብዛም ጥበብ አይጠይቅም፤ መጥሪያ መጻፍ፣ ተጠርጣሪው ካልቀረበም ከፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ ማውጣት፣ የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ ከዚያም ዳኛ ፊት ማቆም ፊደል የቈጠረ ሁሉ የሚፈጽመው ተራ ተግባር ነው። ሰውን ከሕግ ውጭ ይዞና አቈይቶ መዝገቡን ግን ነቀፌታ እንዳይገኝበት አድርጎ ማኖር ትጋትን፣ ትዕግሥትንና ረቂቅ የሆነ የስሌት ዕውቀትን የሚሻ ሥራ ስለ ሆነ፣ በቅርቡ በምርመራ ወንበር የተቀመጥህ ወጣት ሆይ፣ ይህን ምክር በልቡናህ አኑር።

በመጀመሪያ መጥሪያ አትጻፍ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚፈለገውን ሰው በጽሑፍ ጥራው ይላል፤ አንተ ግን «ለአምስት ደቂቃ ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለህ በለሆሳስ ተናገር፤ ያች አምስት ደቂቃ ስንት ቀን እንደምትወልድ አይጠረጥርምና ልብሱን ሳይለብስ፣ ለባለቤቱም ሳይነግር ይከተልሃል። ቤቱን መበርበር ያማረህ እንደ ሆነም፣ ሕጉ ዳኛ ካልፈቀደ በቀር ብርበራውን ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ስለ ወሰነው፣ ሕፃናት በተኙበት በእኩለ ሌሊት ሂድ። የጥንት አባቶቻችን፣ ዘበኛ በሌለበት ምድረ በዳ እንኳ፣ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ባለ ጊዜ ሌላው ባለበት ይቆም ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ያለ አንዳች አጃቢ ዳኛ ወዳለበት ይወርዱ ነበር። ይህ የዋህነት ለአንተ ምን ይረባሃል? ሰውየው በሕግ አምላክ ቢልህ «እሱን ጣቢያ ስንደርስ ትነግረናለህ» በለው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰዓት ቈጠራ ነው፤ ሊቃውንት በዓላትንና አጽዋማትን በባሕረ ሐሳብ እንደሚያወጡ፣ አንተም የራስህ ባሕረ ሐሳብ ሊኖርህ ይገባል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው ቃል በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ተጽፎ ነበር፤ በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግም ተደገመ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት 19ኛ አንቀጽም ይኸው ጸና። ዘውዱ ወርዶ፣ ሥርዓተ መንግሥቱ ደጋግሞ ተለውጦ፣ ይህ ቍጥር አለመለወጡ በእውነት ያስደንቃል። እንግዲህ ቍጥሩን መለወጥ ካልተቻለ የሚጀምርበትን መለወጥ ነው። ሰውየውን ዓርብ ማታ ያዘው፤ ስሙን ግን ሰኞ ረፋድ ላይ በመዝገብ ጻፈው። እስከዚያው «የአደራ እስረኛ» ይባል፤ ይኸውም የሌላ ጣቢያ እንግዳ ስለ ሆነ በአንተ ዘንድ አይቈጠርም፣ በዚያም ጣቢያ በአካል የለምና አይቈጠርም ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀውን የመንገድ ጊዜ ከሰዓቱ ውጭ ስላደረገው፣ ችሎቱ ከአስፋልቱ ማዶ ቢሆንም እንኳ የመኪና ነዳጅ አለመኖሩን አስብ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሰውን ከሕግ ውጭ የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል ማለቱ አያስፈራህ፤ ያልተጻፈን እስረኛ ማን ያስመሰክርብሃል?

ቃሉን ስትቀበል፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው መንገር ግዴታህ ነው፤ ሕጉ ንገረው አለ እንጂ ድምፅህን ከፍ አድርግ አላለምና፣ ከፈረመ በኋላ በጆሮው ሹክ በለው። አርምሞ ለባሕታዊ ጽድቅ፣ ለተጠርጣሪ ግን የጥፋት ምልክት መሆኑን በግልጥ አስረዳው። «እመንና ዛሬ ራትህን ከልጆችህ ጋር ትበላለህ» ማለትም ሥነ ሥርዓት ሕጉ የከለከለው የተስፋ ቃል ሳይሆን ማጽናናት ነው በል። የምርመራውን ቃል በራስህ እጅ ጻፍና «አንብቤ፣ ተረድቼ ፈረምሁ» ከሚለው ሥር አውራ ጣቱን በቀለም አስነክር፤ አንብቤ ያለ ሰው ስለ ምን በጣቱ ፈረመ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ ካልገጠመህ ደግ ነው። ስለ ድብደባ አልመክርህም፤ የወንጀል ሕጉ ከሚመታው ይልቅ እንዲመታ ያዘዘውን ሹም አብልጦ ስለሚቀጣ፣ አለቃህ ሲያዝዝ አፉን እንጂ ብዕሩን እንዳይጠቀም ብቻ አሳስበው።

ቤተ ሰቡ ይመጣሉ። በሕገ መንግሥቱ 21ኛ አንቀጽ መሠረት ባለቤቱ፣ ዘመዶቹ፣ ወዳጆቹ፣ የንስሐ አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊያዩት መብት አላቸው፤ አንተ ግን «እዚህ የለም» በል። በዚህ ስፍራ ብዙ ጀማሪዎች የሚጋለጡበትን ስሕተት አስተውል፤ ሚስቱ ምሳ ዕቃውን ይዛ በበሩ ስትቆም፣ ዘበኛው እንደ ልማዱ ወጡን አስቀምሶ ይቀበላታል፤ ማታም ሳህኑን፣ ጠርዙ ላይ የእንጀራ ፍርፋሪ እንደ ተጣበቀ፣ ይመልስላታል። እርስዋም ሳህኑን አገላብጣ አይታ፣ የለም የተባለው ባለቤቷ ሽሮውን እንደ ጨረሰ፣ ሥጋ ወጡን ግን እንዳልነካ፣ ይህም እንደ ልማዱ ረቡዕን ስለ ጾመ መሆኑን ዐውቃ ትሄዳለች። ስለዚህ ሰውየው የለም ካልህ ስንቁም አይግባ፤ ይራብ እንደ ሆነ ይራብ እንጂ አንተ ሐሰተኛ አትባል።

ችሎት ስትቀርብ የጊዜ ቀጠሮ ጠይቅ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥ አለ፤ ይኸውም የሁለት ሱባኤ ልክ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ግን አልወሰነም። «ቀሪ ምስክሮች አልተሰሙም፣ ግብረ አበሮቹ አልተያዙም፣ የቴክኒክ ማስረጃ አልመጣልንም» የሚለውን አንድ ገጽ አስቀምጥና ቀኑን ብቻ እየለወጥህ አቅርብ።

ዳኛው በዋስ ይለቀቅ ያለ ዕለት ደግሞ እጅ ነሥተህ ትእዛዙን ተቀበል። ዋሱ ገንዘቡን ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ማኅተሙ አይነበብም በለው፤ አንብቦልህ እንደ ሆነም አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው በለው። እስከዚያው ሌላው ጣቢያ መኪና ይልካል፤ ሰውየውም ዕቃውን ሸክፎ፣ የጫማውን ማሰሪያ ተቀብሎ፣ ከዋሱ ጋር ተሳስሞ በሩን ሲወጣ ከደጁ ይያዛል፤ 48ቱም ሰዓት ያ ጣቢያ ስሙን ከጻፈ ወዲያ እንደ አዲስ ይቈጠራል።