ሊቅ በቁጥር

የቋንቋ ምሁር ምን ሠራ ብሎ መጠየቅ ድሮ አድካሚ ነበር። ጽሑፉን ማንበብ፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ድረስ ወርዶ መምህራኑን ማነጋገር፣ ልጆቹ ማንበብ መልመድ አለመልመዳቸውን ማየት ይጠይቅ ነበር። ዕድሜ ለኤች-ኢንዴክስ፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላገልን። እ.ኤ.አ. በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ ቀመሩን አበረከቱልን፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ኢንዴክሱ 20 ይሆናል። ጽሑፎቹ ስለ ምን እንደሆኑ ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ቆጠራውን ያዘገያል። ሂርሽ ራሳቸው በ2020 ቀመራቸው ያልታሰበ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ጽፈዋል። እኛ ግን ከመሥራቹ በላይ አማኞች ነንና አልሰማናቸውም።

መለኪያው ለማንም ያምራል፤ ለልሳነ ክልኤነትና ለቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ ግን በተለየ ያምርበታል። ኤሊዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በ1962 ባሳተሙት ጥናት የሞንትሪያልን የአሥር ዓመት ልጆች ፈትነው፣ ሁለት ቋንቋ የልጅን አእምሮ ያደክማል የሚለውን የቆየ እምነት አናጉት። ከዚያ ወዲህ የመጡትም ሰው በሁለትና በሦስት ቋንቋ ማሰብና መማር እንደሚችል ሲያስረዱ ኖረዋል። ቆጣሪው ይህን ሁሉ በአክብሮት ይቀበላል፤ በእንግሊዝኛ እስከተጻፈ ድረስ። ያው ተመራማሪ ግኝቱን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ለመምህራን ቢያድል፣ ስኮፐስና ዌብ ኦቭ ሳይንስ ለተባሉት የጥቅስ መዝገቦች አብዛኛውን ጊዜ እንዳልጻፈ ነው። ስለ ብዙ ቋንቋ የሚጽፈውን ሰው በአንድ ቋንቋ መዳኘት ነውር የሚመስለው ካለ፣ ዘመኑ አልገባውም።

እንግዲህ የኛን አገር ጉድ ተመልከቱ። ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን አለሙ ገብረ ዮሐንስ ትምህርት ሚኒስቴር ባዘዘው መሠረት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በምን ቋንቋ እየተሰጠ እንደሆነ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ሪፖርታቸውን አቀረቡ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳዩ። ጉዳዩ የሚሊዮኖች ልጆች ነው። ነገር ግን ምን ያደርጋል? ሪፖርት ነው፤ ጆርናል ላይ አልወጣም፤ ስለዚህ ጆርናሎች የሚመዘኑበት ኢምፓክት ፋክተር የለውም። (ኢምፓክት ፋክተርን ዩጂን ጋርፊልድ ያመጡት ጆርናልን ለመምረጥ እንጂ ሰውን ለመሾም እንዳልነበረ የሚያስታውሱ ነገረኞች አሉ። አትስሟቸው።) ብልህ ተመራማሪ መማሪያ ክፍል ገብቶ ጫማውን አቧራ አያለብስም። ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ቁልፍ ያስጫናል፣ ያገኘውን በአራት ይከፍላል፣ አራት ጽሑፍ ያወጣል፣ በአራተኛው ሦስቱን ይጠቅሳል።

ስማችንም ለቆጠራው የራሱን አስተዋጽኦ ያደርጋል። ዶክተር አበበ ከበደ ጽፈው ቢያሳትሙ መዝገቡ «ከበደ፣ አ.» ይላቸዋል። እሳቸው ሌሊቱን ይደክማሉ፣ የሚጠቀሱት ግን ከፊደል ጋር እንኳ ያልተዋወቁ ሊሆኑ የሚችሉ አባታቸው ናቸው። የአባታቸው ስም ጸጋዬ ቢሆንማ ባሰ፤ በላቲን ፊደል አንዱ ጆርናል በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል፤ መዝገቡም ሁለት ሰው አድርጎ ሳይቴሽኑን ያካፍላቸዋል። የሁለት ልሳን ሰው ሲያጠኑ ኖረው ራሳቸው ሁለት ሰው ሆነው ያርፋሉ፤ ሁለቱም ለማዕረግ ዕድገት የማይበቁ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የቆጠራውን ደግነት ነው። የቶሮንቶዋ ኤለን ቢያሊስቶክና ባልደረቦቻቸው ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ትኩረቱን የመቆጣጠር ብልጫ እንዳለው ሲጽፉ፣ ኬኔት ፓፕና ዛካሪ ግሪንበርግ ደግሞ በ2013 ወጥ ማስረጃ የለም ብለው ሞገቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ይህን ጠብ ሰው ሲያነብ ማን ትክክል ነው ብሎ ይጨነቃል፤ ቆጣሪው ግን ሰላማዊ ነው። «እጅግ ጠቃሚ ጥናት» የሚለውም አንድ፣ «ፈጽሞ አላሳመነኝም» የሚለውም አንድ። ስለዚህ ለወጣት ተመራማሪዎች ምክሬ አጭር ነው፦ ትክክል መሆን ካቃታችሁ ቢያንስ ብዙ ሰው የሚያስቆጣ ነገር ጻፉ።

የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴዎች ሆይ፣ እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምን። ምሁሩ ካቀረቧቸው ጽሑፎች አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት አንብቡት። ጊዜ ካጠራችሁ መግቢያውን ዝለሉና ስለ ልጆቹ የሚያወራውን ገጽ አንብቡ። እንዲህ ያለ ገጽ ከሌለው ደግሞ ምሁሩን ጠርታችሁ የት እንደሄዱ ጠይቋቸው።